የጓሳው ሣርና የኮምፒውተሩ ሰንሰለት

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ለአክስቴ ተዝካር መንዝ ሄጄ ነበር፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብላ ወዳለች መንደር። ብቻዬን አልነበርኩም፤ የእህቴን ልጅ አስከትዬው ነው የሄድኩት። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው። የአያቶቹን አገር እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያውቀው በስም ብቻ ነበር።

የጥርን የመንዝ ብርድ የቀመሰው ያውቀዋል። ውርጩ ሌሊቱን ሜዳውን ነጭ አልብሶት ያድራል። ሰዉ ባናውን ተከናንቦ እሳት ዳር ይሰበሰባል። እኛም ተዝካሩ ካለቀ በኋላ፣ እንግዳው ሲበተን፣ አጎቴ ቤት እሳት ከበን ተቀመጥን። የገብሱ ጠላ ይቀዳል፤ ወሬው ከሟች ወደ ቋሚ ተሻግሯል። አጎቴ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ትንሽ ቢደክምም ነገር አያመልጣቸውም። ድንገት ወደ ልጁ ዞሩና፣

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» አሉት።

«ደህንነት ነው የምመረምረው አባባ። የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ሌባ በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ቀድሜ አያለሁ።»

«እንግዲህ ሌባ ነህ ወይስ ዘበኛ?»

ልጁ ሳቀ። «እንደ ሌባ አስባለሁ፣ እንደ ዘበኛ እጽፋለሁ» አላቸው።

አጎቴ አልሳቁም። «እሱማ ሥራ ነው» ብለው ዝም አሉ። ቆየት ብለው ግን፣ «ምን ዓይነት መዝገብ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ብሎክቼን የሚባለውን ነገር ለሰማንያ ዓመት የመንዝ ገበሬ እንዴት አድርጎ ያስረዳል? እኔ ራሴ ስንቴ አስረድቶኝ ስንቴ እንደጠፋብኝ እግዜር ያውቃል።

ልጁ ግን ጎበዝ ነው። «መዝገብ ነው አባባ» አለ። «እከሌ ለእከሌ ይህን ያህል ሰጠ፣ እከሌ ከእከሌ ይህን ያህል ተቀበለ የሚል። ልዩነቱ፣ መዝገቡን የሚይዘው አንድ ጸሐፊ አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ትክክለኛ ግልባጩን ይይዛል። አዲስ ገጽ በተጻፈ ቁጥር የበፊቱ ገጽ ማኅተም እላዩ ላይ ይታተምበታል። አንዱ ተነስቶ የዛሬ ሦስት ዓመት የተጻፈውን ልፋቅ ቢል፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ማኅተሞች ሁሉ ይፋለሳሉ። በዚያ ላይ የሌላው ሰው ግልባጭ ያጋልጠዋል።»

አጎቴ ጠላቸውን ፉት አሉ። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ጥያቄ ነው ይቺን ጽሑፍ ያጻፈኝ። ልጁ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሥራውን ሲጀምር አለቆቹ እንዲጠይቅ ያስተማሩት ጥያቄዎች ከአጎቴ ጥያቄዎች ብዙም አይለዩም።

የመጀመሪያው ጥያቄያቸው፣ «ቀድሞስ መዝገቡ የት ነበር የሚቀመጠው?» የሚል ነበር።

እውነትም የት ነበር? አገራችን መዝገብ አያያዝ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ ለገዳማትና ለአድባራት ርስትና ጉልት ሲሰጡ፣ የስጦታው ቃል የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር። ለምን ወንጌል ላይ? ወንጌልን ደፍሮ የሚነካ የለም ተብሎ ነው። ከስጦታው ቃል ጋር የምስክሮቹ ስም ይዘረዘራል። በመጨረሻም «ይህን የሻረ፣ የፋቀ፣ የለወጠ» ለተባለው ሁሉ ግዝት ይከተላል። እንግዲህ አስቡት፤ ምስክር አለ፣ ማኅተም የሚሆን ግዝት አለ፣ ለመንካት የሚያስፈራ ማስቀመጫ አለ። የዘመኑ ሰው አቅሙ የፈቀደውን ጥበቃ ሁሉ አድርጓል።

ይሁን እንጂ ብራና ይፋቃል። የጥንት መጻሕፍቶቻችንን ያገላበጠ ሰው የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተተካባቸውን ገጾች አይቷል። ግዝቱ ከተራው ሰው ይጠብቅ ይሆናል፤ ግዝት ከማይፈራና ቢላዋ ከያዘ ሰው ግን አይጠብቅም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የቅጂ ነገር ነው። ወንጌሉ አንድ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት በሸዋ ስንት ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል፣ በውስጡ የነበረው መዝገብም አብሮ ነደደ። አንድ ቅጂ ያለው መዝገብ አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

መንዝ ግን ሌላም መዝገብ ነበራት። ብራና ላይ ያልተጻፈ መዝገብ ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ ሰው መሬት ለመጠየቅ ትውልዱን እስከ ዋናው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት። «እኔ የእከሌ ልጅ፣ እከሌ የእከሌ ልጅ…» እያለ ሲወርድ፣ የሚያዳምጡት ሽማግሌዎች የየራሳቸውን ቆጠራ በጭንቅላታቸው ይዘዋል። አንዱ ሲያሳስት ሌላው «የለም፣ እሷ ልጅ ሳትወልድ ነው የሞተችው» ብሎ ያርመዋል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መንዝ ሄዶ ካጠና በኋላ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን ጽፏል። መንዜ ለርስቱ ያለውን ፍቅርና ሙግቱን እዚያ ውስጥ ማንበብ ይቻላል። በአንድ ሰው እጅ ያልተቀመጠ፣ በየሰዉ ጭንቅላት የተበተነ መዝገብ ማለት ይህ ነው።

«ታዲያ የእናንተው ከዚህ በምን ይለያል?» አሉ አጎቴ።

«በፍጥነቱ» አለ ልጁ። «ደግሞ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል መሥራቱ።»

«እሱ ነው እኔን የሚያሠጋኝ» አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ጠባቂዎቹ ቢመሳጠሩስ?» የሚል ሆነ። ለዚህ መልስ ለመስጠት ስለ ጓሳ ማውራት የግድ ነው።

ጓሳን ያላያችሁ፣ አንድ ቀን እዩት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ሽቅብ የሚሄድ፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሣር ምድር ነው። ጅብራው ቆሞ ይታያል፤ ጭላዳው በመንጋ ይግጣል፤ ዕድል የቀናው ሰው ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ያያል። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይሆናል። ይህ ምድር ታርሶ ያላለቀበት፣ ተግጦ ያልተራቆተበት ምክንያት ተአምር አይደለም። ደንብ ስለነበረው ነው።

ደንቡ ቄሮ ይባላል። (በቅርብ ዓመታት በፖለቲካው መንደር ከሰማችሁት ቃል ጋር አይምታታባችሁ፤ ይህኛው የመንዝ የጥበቃ ሥርዓት ነው።) አጀማመሩ ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይሄዳል። የአገሩ አቅኚ አባቶች የሚባሉት አስቦና ጌራ፣ እንደሚነገረው በፈረስ ግልቢያ ተወራርደው፣ አገሩን ተካፈሉ። ጓሳውን ግን ለተወላጆቻቸው የጋራ አደረጉት። በአስቦ ወገን አንድ፣ በጌራ ወገን አንድ አባ ቄራ ይመረጣል። ጓሳው ለተከታታይ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተከልሎ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋ፣ ቀን ተቆርጦ ይነገራል። በዚያ ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አጨዳው ሲያልቅ ከብት ይገባበታል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ከቀኑ በፊት የገባ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። ጥበቃውም ለጥቂት ዘበኞች የተተወ ሳይሆን የባለ ርስቱ ሁሉ ግዴታ ነበር።

የልጁ ሙያ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር «ፕሮቶኮል» ይሉታል። ማን ይገባል፣ መቼ ይገባል፣ ማን ይፈቅዳል፣ ያፈረሰ ምን ይሆናል… ይህ ሁሉ አስቀድሞ የተቆረጠበት ደንብ ማለታቸው ነው። ደህንነቱ ሲመረመርም የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነው፤ ደንቡን አፍርሶ የሚገኘው ሣር ከሚከፈለው ቅጣት ይበልጣል ወይ? ቅጣቱ ካየለ ሌባው ራሱ ዘበኛ ይሆናል። ሣሩ ካየለ ደግሞ ዘበኛውም ሌባ ይሆናል።

የመመሳጠሩን ነገር የኮምፒውተር ሊቃውንትም ተጨንቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ላምፖርት፣ ሾስታክና ፒዝ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አቀረቡ። አንድ ከተማ የከበቡ የጦር አለቆች በመልእክተኛ ብቻ እየተላላኩ በአንድ ሐሳብ መዝመት አለባቸው፤ ከመካከላቸው ግን ከሃዲዎች አሉ። ስንት ከሃዲ ቢኖር ነው ነገሩ የሚበላሸው? ባገኙት ስሌት፣ መልእክቱ ፊርማ ከሌለው፣ ከሃዲዎቹ ከጠቅላላው ሲሶ ከሞሉ ታማኞቹ መስማማት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተጻፈው የቢትኮይን ሐሳብ ደግሞ ነገሩን በሥራ ለካው። መዝገቡን የሚጽፉት ኮምፒውተሮች ኤሌክትሪክ እያቃጠሉ ስሌት ይሠራሉ፤ ከጠቅላላው የስሌት ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ እጅ ካልገባ በቀር መዝገቡ ይታመናል።

«ከግማሽ በላይ ገብቶ ያውቃል?» አሉ አጎቴ።

ገብቶ ያውቃል። ኢቴሪየም ክላሲክ የሚባለው ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በጥር 2019 አንዴ፣ በነሐሴ 2020 ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በዚህ መንገድ ተጠቅቷል። ጉልበት ያከማቹት ሰዎች የከፈሉትን ገንዘብ ከመዝገቡ አስፍቀው መልሰው ከፈሉት። ትልቁን ሰንሰለት እንዲህ ማድረግ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ትንሹን ሰንሰለት ግን ጉልበት ተከራይቶ ማጥቃት ይቻላል። ሰው የሌለበት መንደር ጥበቃውም ስስ ነው።

ጓሳ ላይ ሁለት አባ ቄራ መኖሩ ትርጉም ያገኘልኝ እዚህ ላይ ነው። እንደ እኔ ግምት፣ የአስቦ ወገን የጌራን ወገን፣ የጌራም የአስቦን በዓይነ ቁራኛ ይጠብቅ ነበር። አንዱ ወገን ብቻውን ጓሳውን ልክፈት ቢል ሌላው ዝም አይለውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚል ነበር። አጎቴ ይህን ሲጠይቁ ወደ ግድግዳው የተሰቀለች አሮጌ ከረጢት አዩ። ከአባታቸው የቀረች ጠገራ ብር እዚያ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ።

የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ታሪክ የቁልፍ ታሪክ ነው። በኦስትሪያዊቷ ንግሥት መልክ የታተመ፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር ነው፤ ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ገንዘቡ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ሲታተም ኖረ። ኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 ከሕጋዊ ገንዘብነት አወጣችው። እኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ግን ንጉሥ ነበር። አባቶቻችን ብሩን ዝም ብለው አይቀበሉም። ንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ይቆጥራሉ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያሉ፣ ደንጊያ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጣሉ። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ አሳትመው ሲያመጡ እንኳ፣ ገበሬው ጠገራውን አልለቅም አለ። ያላወቀውን ማኅተም አላመነማ!

በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ግን አንድ ነገር አደረገ። የጠገራውን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ መንግሥት ለ25 ዓመት ተረከበ። አስቡት፤ ዕንቁው ያው ነው፣ ድምፁ ያው ነው፣ ክብደቱ ያው ነው። ገበሬው ቢመረምር ምንም እንከን አያገኝበትም። አታሚው ግን ሊወጋው የመጣ ጠላት ነው። በማግስቱ ዓመት እንግሊዞችም ለንደን ላይ የራሳቸውን ቅርጽ አስቀርጸው ማተም ጀመሩ፤ ፓሪስና ብራስልስም ተከተሉ። ያገሬ ሰው ማኅተሙን እንጂ ማኅተሙ በማን እጅ እንዳለ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ያዳነው አንድ ነገር ነው፤ ብሩ በውስጡ እውነተኛ ብር ነበረበት። ማንም ያትመው ማን፣ ገበሬው ከእጁ የወጣውን በግ የሚያህል ነገር በእጁ ይገባል።

የዘመኑ ቁልፍ ግን እንደዚያ አይደለም። ቁልፉ ከጠፋ ከሥሩ የሚቀር ብር የለም። ልጁ ሮኒን የተባለውን ነገር ያጫወተን ያኔ ነው። ሮኒን ሰዎች ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚጠቀሙበት ሰንሰለት ነው። ከትልቁ ሰንሰለት ጋር የሚያገናኘው ድልድይ አለ፤ ያንን ድልድይ ለመክፈት ከዘጠኝ ቁልፍ ያዦች አምስቱ መስማማት ነበረባቸው። ሲሰሙት ደህና ነገር ይመስላል። ችግሩ፣ ከዘጠኙ አራቱ በአንድ ድርጅት እጅ ነበሩ። በአምስተኛው ስም ደግሞ ሥራ በዛ ተብሎ በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ለጊዜው ያው ድርጅት እንዲፈርም ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። ሥራው ቀለለ፤ ፈቃዱን ግን ማንም አልሰረዘውም። በመጋቢት 2022 ሌቦች ድርጅቱ ውስጥ ገቡ፣ አምስቱንም ያዙ፣ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዘው ሄዱ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ድርጊቱን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ግንኙነት ባላቸው ሌቦች ላይ አድርጎታል።

«መቼ ታወቀ?» አሉ አጎቴ።

«በስድስተኛው ቀን። አንድ ሰው ገንዘቡን ላውጣ ቢል አልወጣ ሲለው።»

«ስድስት ቀን!» አሉ። «ከጓሳ አንድ ሸክም ሣር ስድስት ቀን ሳይታወቅ አይጠፋም ነበር።»

ልብ በሉ፤ የሮኒን ስሌቱ አልተሰበረም። ሰንሰለቱም አልተበጠሰም። የተዋሱትን ያለመመለስ፣ የሰጡትን ያለመንጠቅ ነው ያፈረሰው። ዘጠኝ የሚባለው ቁጥር ወረቀት ላይ ነው ዘጠኝ የነበረው። ልጁ እንደሚለው፣ የደህንነት መርማሪ ዋና ሥራው ጠባቂ የተባሉትን መቁጠር ሳይሆን፣ ከየጠባቂው ጀርባ ያለው ሰው አንድ ወይም ሁለት አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው። «ደንቡ ራሱ ቢሳሳትስ?»

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2016 ላይ ኢቴሪየም በሚባለው ሰንሰለት ላይ «ዘ ዳኦ» የተባለ የጋራ ገንዘብ ማኅበር ነበር። እቁብ በሉት፤ ግን ዳኛም ጸሐፊም የሌለው፣ ደንቡ በኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ እቁብ። ደንቡ ውስጥ አንድ ስሕተት ነበር። ገንዘብ ሲወጣ መጀመሪያ ይከፍላል፣ ከሒሳብ የሚቀንሰው ግን በኋላ ነው። አንድ ሰው ይህን አየ፤ ከመቀነሱ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ጠየቀ። 3.6 ሚሊዮን ኢቴር ወጣ። እንግዲህ ሙግቱ እዚህ ላይ ተነሳ። አንዱ ወገን «ደንቡ የፈቀደለትን ነው ያደረገው፤ መዝገብ አይፋቅም ብለን አልነበረም እንዴ?» አለ። ሌላው «ሌብነት ሌብነት ነው፤ ይመለስ» አለ። በሐምሌ ወር ብዙኃኑ መዝገቡ እንዲቃና ወሰነ። እምቢ ያሉት ተለይተው በቀድሞው መዝገብ ቀጠሉ፤ ቅድም ተጠቃ ያልኳችሁ ኢቴሪየም ክላሲክ የእነሱ ነው። የማይፋቀው መዝገብም ሰዎች ሲስማሙ ይፋቃል ማለት ነው። ጥያቄው እነማን ሲስማሙ የሚለው ነው።

ጓሳም ይህን አይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ርስት ቀረ። ቄሮም አብሮ ወደቀ። መሬቱ የመንግሥት፣ ሰዉ የገበሬ ማኅበር አባል ሆነ። ከዚያ በኋላ ጓሳው ያለ ቀኑ ታጨደ፣ ያለ ቀኑ ተጋጠ፣ ጠርዙ ታረሰ። ሦስት መቶ ዓመት የቆየውን ደንብ ሌባ አላፈረሰውም፤ አንድ አዋጅ አፈረሰው።

ይህን ስናገር በቁጭት ነበር። አጎቴ ግን እጃቸውን አነሱብኝ።

«ቆይ ቆይ» አሉኝ። «አንተ የባለ ርስት ልጅ ስለሆንክ ነው እንዲህ የምትለው። እዚህ መንደር ሸማኔም ነበረ፣ ጭሰኛም ነበረ። ለእሱ ጓሳው ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ዝግ ነበር። አዋጁ ሲመጣ ማጭድ ይዞ የገባው ማን ይመስልሃል? ሲያየው የኖረውን ሣር ነው ያጨደው።»

መልስ አልነበረኝም። የቄሮ ትልቁ ቀዳዳ የነበረው በአጥሩ ላይ አይደለም፤ ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሰው ዘንድ ነው። ደንቡ ሲወድቅ «ኧረ ይቅር!» የሚል ጎረቤት አላዘጋጀም። በኋላ ነገሩ የተስተካከለው እንዴት መሰላችሁ? ጓሳው ሲራቆት ያየው ሕዝብ ራሱ፣ ዙሪያውን ካሉ ቀበሌዎች ሰው እያወጣጣ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ጥበቃውም እንደገና ቆመ። የአሁኑ የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ የዚያ ልጅ ነው። የአስቦና የጌራ ዘር ነህ ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጎረቤት መሆንህን ነው።

እስካሁን ያወራሁላችሁ እሳት ዳር የተወራውን ነው። አጎቴ ያን ሁሉ ለምን እንደጠየቁ የገባኝ ግን እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነበር። ወደ በሩ ጠጋ ብሎ የተቀመጠውን የልጅ ልጃቸውን ጠሩት። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። «በል ያንን ስልክህን ለወንድምህ አሳየው» አሉት።

ልጁ ሰባት በግ ሸጦ ነበር። ገንዘቡን «ቢትኮይን እናመርታለን፣ በየቀኑ ትርፍ እንከፍላለን» ለሚል የስልክ አፕ ሰጥቶታል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ ከፈሉት። ሰው ካመጣህ እንጨምርልሃለን አሉት። ጥቅምት ላይ ክፍያው ቆመ። ስክሪኑ ላይ ግን ቁጥሩ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ያድግ ነበር! የእህቴ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ሲነካካ ቆየና ቀስ ብሎ፣

«እዚህ ውስጥ ምንም ሰንሰለት የለም» አለ። «ቁጥር ብቻ ነው። እነሱ የሚጽፉት ቁጥር።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ምክንያት ነበረኝ። ያ ልጅ ግንቦት ላይ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ቢትኮይን የሚሉት ነገር እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። እኔም ስብሰባ ላይ ነበርኩና፣ «አዎ እውነት ነው፣ ዘመኑ የሱ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ውሸት አልተናገርኩም፤ ቢትኮይን እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ሲያስጠነቅቅም በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ግን የትኛውን መዝገብ፣ ማን የያዘውን፣ ቁልፉ ማን ጋ ያለውን ብዬ አልጠየቅሁትም። አጎቴ ያንን ሌሊት አንድ በአንድ የጠየቁትን እኔ የተማርኩት ሰው በስልክ አንድም አልጠየቅሁ። ሰባት በግ ለመንዝ ጎጆ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሬን ስነግራቸው አጎቴ አልተቆጡኝም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ… ይባል የለ» አሉና ወደ ልጁ ዞሩ። «ስንት ሰው አስገባህ?» «አራት» አለ። «ሊገቡ ያሰቡስ?» ልጁ በጣቱ ቆጠረ፤ ከስምንት በላይ ሆኑ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ሰው ተሰበሰበ። አጎቴ ልጁን አስነሱት። ያ ልጅ በአደባባይ፣ ጓደኞቹና ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረ። ከአፍረት ብዛት ጋቢው ጫፍ በእጁ ተጠቅልሎ አልቆ ነበር። ሁለት ወጣቶች እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ሲሰርዙ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት ገና ሳምንቱን ላም ሊሸጥ ያሰበ ልጃቸውን በክርን ጎሸም አደረጉት።

የእህቴ ልጅ በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ይህችን ማድረግ አቅቷቸው ነው ስንት ገንዘብ የሚጠፋው» አለኝ። «ሲሰረቁ ይደብቃሉ። በተደበቀ ቁጥር በዚያው ቀዳዳ ሌላ ሰው ይሰረቃል።»

ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ስንል አጎቴ ከመንጋቸው አንዲት እናት በግ ለይተው ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። የሰባቱን በግ ነገር ዳግም አላነሱበትም። «ይቺን ጠብቅ» ብቻ ነው ያሉት። የስድስቱን ዋጋ እኔ ልላክ ብል እምቢ አሉኝ፤ ብዙ ተከራክሬ በሁለት ተስማማን።

እነሆ አሁን ያ ልጅ አዲስ ነገር በስልኩ ባየ ቁጥር ይደውልልኛል። እኔም ስብሰባ ላይ ብሆንም ወጥቼ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው፣ «መዝገቡ የት ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ነው።